ኮሚቴው ያላያቸው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትሮች

ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሚዛን አማን

ለክቡር አቶ ዓለምሰገድ
የሕዝባዊ ሩጫዎችና ክብረ በዓላት አስተናጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ማኅተም ስለመለመን

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የደም ግፊትዎ ወርዶ፣ ወንበርዎ ጸንቶ፣ ማኅተምዎም ከነመሳቢያው ቁልፍ እጅዎ ላይ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ከጠየቁ፣ የሁለት እግር ጣቶቼ ጥፍር ከመውለቁና ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ ዞሬ ከመሆኑ በቀር ደኅና ነኝ።

ፊቴን እንጂ ስሜን ላያስታውሱት ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። የሺሃረግ እባላለሁ። አማን ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አምና የኮሚቴዎን አባላት ኮት ያጠበብኩት፣ ዘንድሮ ደግሞ ያንኑ ኮት ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው፤ ሯጭ አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። የአሥራ ሦስት ዓመቷ የትሁት እናት ነኝ። ትሁት ማለት ሰኔ 7 ቀን እርስዎ በመናገር ላይ ሳሉ ከመድረኩ ፊት የወደቀችው ልጅ ናት። አሁን እንዳስታወሱኝ አልጠራጠርም።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ በግልጽ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት ፈልጌ አይደለም። በታሸገ ፖስታ የጻፍኩልዎ ሁለቱ ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት መግባታቸውን እንጂ መውጣታቸውን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ስላደረጉልኝ ሁሉ ላመሰግንዎ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ስለሆነም እንዳይምታታብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ትሁትን የሚጥል በሽታ ከጀመራት አምስት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ የወደቀችው በስምንት ዓመቷ ክፍል ውስጥ ነው፤ መምህሯ «አትንኳት፣ ይተላለፋል!» ብሎ ተማሪዎቹን ወደ ውጭ አስወጣ፤ ልጄም ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያነሳት ድረስ ብቻዋን መሬት ላይ ቆየች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ እጇ ተቃጠለ። መድኃኒቷ አንዳንድ ወር ይገኛል፤ አንዳንድ ወር «አልመጣም» ነው። ጥቅምት ላይ ሲስተር ሜሪ የምትባል ነርስ ጋዋኗን ላሳጥርላት ወደ ሱቄ መጣች። ሜሪ በፈጣን ወንዞች ዳር ባሉ ቀበሌዎች ይህ በሽታ ለምን እንደሚበዛ ለማጥናት ከመጡ ተመራማሪዎች ጋር የምትሠራ ናት። ልኬቷን ስወስድ ትሁት ወደቀች። ሜሪ ጋዋኑን ወደ ጎን ወርውራ መሬት ላይ አብራት ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷንም ጭኗ ላይ አደረገች። በአምስት ዓመት ውስጥ ከቤተሰብ ውጭ ልጄን ሳይፈራ የነካት የመጀመሪያው ሰው እርሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረችኝ። ሐኪሞቹ አሉ፣ ፈቃዱ አለ፤ የጎደለው የደም ምርመራው ወጪና ቤተሰቦችን ከየገጠሩ የሚያመላልስ መኪና ነው። እስከ ሰኔ 30 ካልተሟላ ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል። እኔም ማራቶን እሮጣለሁ አልኩ። ለምን ማራቶን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ከዚያ የሚረዝም ነገር በአእምሮዬ ስላልመጣ ይሆናል። አሥራ ሁለት የቡና ነጋዴዎችና ባለሱቆች ለሮጥኩት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የየአቅማቸውን ለጥናቱ ሊሰጡ ፈረሙ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኮሚቴዎ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማኅተም የሌለው ላብ ማንም ሊያመጣው ይችላል።

ለሩጫው ፈቃድ ወደ ቢሮዎ አሥራ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ዘጠኙን ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሦስቱን ቀን መስክ ወጥተዋል ተባልኩ፤ አንዱን ቀን መብራት አልነበረም። በአሥራ አራተኛው ቀን አገኘሁዎ። ቤቴ ከቢሮዎ ሁለት ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ ልምምዴን ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው፤ ለዚህም ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ንጽሕና ያለኝን አድናቆት ልገልጽ እወዳለሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ትሁትን ይዣት ነበር የመጣሁት። ደግ ቀን ነበር፣ አልወደቀችም፤ ቀሚሷን አስተካክላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና እርስዎ የሚሉትን ሁሉ በአክብሮት ሰማች። ከወጣን በኋላ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ብመለስ፣ ጸሐፊዎ ልጄ የተቀመጠችበትን ወንበር በበረኪና ታጥባለች፤ እርስዎም በሩ ላይ ቆመው «እግሩንም፣ እግሩንም» እያሉ ያመለክታሉ። ጃንጥላዬን ሳልወስድ ተመለስኩ። ዝናብ ስለነበር ትሁት «ጃንጥላው የታለ?» አለችኝ። «ሰው ወስዶታል» አልኳት።

ሦስተኛ፣ ለሩጫዬ አዲስ ስም ስላወጡለት። በማመልከቻዬ ላይ «የሚጥል በሽታን ለማጥናት የሚደረግ ማራቶን» ብዬ ነበር። እርስዎ ግን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና «እህቴ፣ እንግዶች ይመጣሉ፤ ይሄ ስም ሆድ ይረብሻል፤ ከተማውንም ያሰድባል» አሉኝ። ባነሩ ሲሰቀል «በሩጫ የደመቀች፣ በጤና የታወቀች ከተማ!» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ቲሸርቱን ገልብጬ አየሁ፣ የጥሪ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም አነበብኩ፤ የበሽታው ስም አንድም ቦታ አልነበረም። እንዲህ በጤና በታወቀች ከተማ ውስጥ የታመመ ልጅ ወልጄ በመገኘቴ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ ከቁጥሩ ወጣ ልበልና እርስዎ የማያውቋቸውን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። ጋሽ ሲሞን ይባላሉ። በሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ቡናና ሙዝ የሚያለሙ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው የቤንች ሰው ናቸው። ማራቶን ልሮጥ ነው ማለቴን ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ሰምተው ሱቄ ድረስ መጡና «ብቻሽን አትሮጪም» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከጥር ጀምሮ በሳምንት አራት ቀን ማለዳ ማለዳ አብረን ሮጥን፤ እኔ ከሰልባጅ በገዛሁት፣ በአንድ ቁጥር በሚሰፋኝ ጫማ፤ እሳቸው በኮንጎ ጫማ። መጀመሪያ ሰሞን ከአማን እስከ ድልድዩ ስደርስ ሳንባዬ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። የገበያው ሰው «የሺ፣ ማን እያባረረሽ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ዝናብ አስጠለለን። ከመንገዱ ዳር ባለ የሙዝ መጫኛ ዳስ ሥር ቆመን ሳለ፣ ጋሽ ሲሞን ወደ ወንዙ እያዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«አልአዛር የመጨረሻ ልጄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ልብስ ሲያጥብ ጣለው፤ ውሃ ውስጥ። ውሃው እስከዚህ ነው» ብለው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «ዳር ላይ አሥራ አንድ ሰው አለ። ሁሉም አየ። ማንም አልያዘውም።»

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ፈራን አሉ። ከነካነው ይይዘናል አሉ።» «ለቅሶ ግን መጡ። አሥራ አንዱም። ያን ቀን እጄን ያዙኝ።»

ዝናቡ ሳያባራ ወጥተን ሮጥን። ከዚያ ቀን በኋላ ደከመኝ ለማለት አፈርኩ።

አራተኛ፣ ስለ ሰዓት አከባበርዎ። ሰኔ 7 ቀን ቅዳሜ ሩጫው የተጠራው ለጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። እኔና ጋሽ ሲሞን በአሥራ አንድ ተኩል ደረስን። ትሁት ሌሊቱን በደስታ በቅጡ አልተኛችም፤ እኔም እንቅልፍ ማጣት እንደሚጥላት እያወቅኩ «ቤት ቅሪ» ለማለት አንጀቴ አልቻለም። ክቡር እንግዳው በሦስት ሰዓት ከሩብ መጡ። ከዚያም የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር፣ ቀጥሎ የመክፈቻ ንግግር፣ ቀጥሎ የእርስዎ ንግግር። ስለ ከተማችን ጤናማነት በማስረዳት ላይ ሳሉ፣ ከፊት መስመር ቆማ የነበረችው ትሁት ወደቀች።

ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ ልጅ መሬት ላይ ስትወድቅ አራት መቶ ሰው ወደ ኋላ ምን ያህል ፈጥኖ ሊሸሽ እንደሚችል ያየሁት ያን ቀን ነው። በዕለቱ ከተሮጠው ሁሉ ፈጣኑ እርሱ ነበር። ሰውን እየገፋሁ ስደርስ ልጄ በባዶ መሬት መሐል ብቻዋን ትንፈራገጣለች። አንዱ ጭሱን ሊያሸታት ክብሪት ለኮሰ። ድምፅዎ በማይክሮፎን ተሰማኝ፦ «ወደ ዳር አውጧት፤ ፕሮግራማችን ይቀጥላል።» ሜሪ ወደቆመው አምቡላንስ ሮጣ ነበር፤ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ሹፌሩ «ለክቡር እንግዳው ተጠባባቂ ነኝ፣ ከቦታዬ አልነቃነቅም» ብሏታል። ጋሽ ሲሞን ጃኬታቸውን አውልቀው ከጭንቅላቷ ሥር አደረጉ፤ እኔ በጎኗ አስተኛኋት፤ ሜሪ ሰዓቷን እያየች ደቂቃ ቆጠረች። ስድስት ደቂቃ ነበር። ስድስቱንም ደቂቃ እርስዎ ቃል ሳይዛነፍብዎ ንግግርዎን ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ጽናት ያለው መሪ ማግኘት መታደል ነው።

ትሁት ዓይኗን ስትገልጥ «እማዬ፣ ሩጫው አለቀ?» አለችኝ።

«ገና አልተጀመረም» አልኳት።

አምስተኛ፣ ስለ አሳቢነትዎ። ንግግሩ ሲያበቃ «የአየሩን ሁኔታና የክቡር እንግዳውን የምሳ ሰዓት ከግምት በማስገባት» ማራቶኑ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ዝቅ መደረጉን አበሰሩ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ከ42 ላይ 2ን ብቻ በመሰረዝ ይህን ያህል ሰው ማስደሰት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን ጊዜ ልጄን አዝዬ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። ሜሪ ናት «እኔ ጋ ትተኛ፤ ቢደገምባት አጠገቧ ነኝ፤ አንቺ ሂጂ» ያለችኝ። ትሁትም ዓይኗ እየተከደነ «አርባ ሁለት ነው አይደል ያልሽው?» አለች። በአራት ሰዓት ተኩል ተነሳን። አራቱን ኪሎ ሜትር ከሰዉ ጋር ሮጥን። ሌላው በመድረሻው በኩል ገብቶ ውሃና ሜዳሊያውን ሲቀበል፣ እኔና ጋሽ ሲሞን ሳንቆም በአጠገቡ አልፈን ወደ ሸዋ ቤንች መንገድ ወጣን። እርስዎ ከድንኳኑ ሥር ሆነው «ወዴት ነው?» እንደማለት እጅዎን ዘረጉ። እኔም እጄን አውለብልቤ ሰላም አልኩዎ። ይህን እንኳ እንደማይክዱኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ኮሚቴው ያላየውን ቀሪውን መንገድ ባጭሩ ልግለጽልዎ። እስከ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ፀሐይ ነበር፤ ከዚያ ዝናብ። ሙዝ የጫኑ መኪኖች ባለፉ ቁጥር ጭቃው እስከ ወገባችን ይረጨናል። በየመንደሩ ሰው እየወጣ «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላል። መጀመሪያ «ሩጫ ነው» እያልኩ አልፍ ነበር። በኋላ ግን ባነሩ ያላለውን እኔ ልበል ብዬ በየደረስኩበት የበሽታውን ስም እየጠራሁ መናገር ጀመርኩ። አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አስካለች የምትባል ሴት ጀሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ ውሃ አጠጣችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አግኝቶሽ ነው በዚህ ዝናብ?» አለችኝ።

«ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። እንዲያጠኑት ገንዘብ ልሰበስብ ነው የምሮጠው።»

ፊቷ ተለወጠ። ግራና ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእኔም አለች» አለች። «ጓዳ ናት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ። ሰው አያያትም። ጎረቤት የሞተች ነው የሚመስለው።»

ሜሪ የምትሠራበትን ቦታ ነገርኳትና «አምጫት፤ ይመረምሯታል» አልኳት። ቃል ገባሁላት። ለቃልሽ ዋስሽ ማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ የእርስዎን ስም ነበር የምጠራው።

ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በመልሱ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ካልሲዬ ቀልቷል፤ አፈሩ ይሁን ደሜ አላየሁም። ያለቀስኩት ግን በእግሬ ምክንያት አይደለም። ይህን ሁሉ ብሮጥም ልጄ በዚህ እንደማትድን ስለማውቅ ነው። ሜሪ አልዋሸችኝም፤ «ጥናት ረጅም ነው፤ ፍሬውን የሚያገኙት ኋላ የሚመጡ ልጆች ይሆናሉ» ብላ ከመጀመሪያው ነግራኛለች። ሩጫውን ስጨርስ የምትጠብቀኝ ያችው ትሁት ናት፤ በሽታዋም ያው ነው። ይህን እያወቅኩ አምስት ወር ሮጬ፣ ለምን ያን ሰዓት ላይ እንደ አዲስ እንደገባኝ አላውቅም። አልነሳም አልኩ።

ጋሽ ሲሞን አላባበሉኝም። «እሺ፣ ተቀመጪ» አሉ። «እኔ እሄዳለሁ። ትሁትን ምን ልበላት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ተናድጄ ተነሳሁ። ቀሪውን መንገድ አብዛኛውን በእርምጃ፣ ጥቂቱን በሩጫ፣ ሁሉንም በንጭንጭ ጨረስኩት።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ መድረኩ ፈርሶ ወንበሩ መኪና ላይ ይጫን ነበር። የመድረሻው መስመር የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ስላላገኘን፣ ጋሽ ሲሞን በግምት «እዚህ ይመስለኛል» ባሉት ላይ ቆምን። ማራቶን ከአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሌላ መቶ ዘጠና አምስት ሜትር እንዳለው ይነገራል፤ እርሷን ሮጠናት እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ለኮሚቴው ስጦታ ትሁንልኝ። ትሁት ከሜሪ አጠገብ ተነስታ መጣችና ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር ፈታችልኝ። ሜዳሊያው ቀድሞ አልቆ ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ ሐቀኝነትዎ። ሰኞ ቢሮዎ ስመጣ የሰጡኝ የምስክር ወረቀት በሚያምር ፊደል «ወይዘሮ የሺሃረግ የአራት ኪሎ ሜትር ሩጫ በብቃት አጠናቅቀዋል» ይላል። «ሠላሳ ስምንቱስ?» ብዬ ብጠይቅዎ «እህቴ፣ ኮሚቴው በዓይኑ ላላየው ኪሎ ሜትር ሊመሰክር አይችልም፤ የአሠራር ጉዳይ ነው» አሉኝ። ከፈረሙት አሥራ ሁለት ሰዎች አራቱ «አንቺን እናውቅሻለን» ብለው የገቡትን ቃል ሙሉውን ፈጸሙ። ስምንቱ ግን ማኅተሙን ይጠብቃሉ። አልወቅሳቸውም፤ እነሱም ወረቀት የለመዱ ሰዎች ናቸው።

ይህን ለጋሽ ሲሞን ስነግራቸው ተነስተው ሄዱ። አምስት ቀን ሙሉ ያንኑ መንገድ በእግራቸው እየዞሩ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ አንድ ምስክር ፈልገው፣ ሠላሳ ስምንት የጣት አሻራ ይዘው መጡ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የሃያ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ምስክር ሙዝ ነጋዴዋ ወሰንየለሽ ናት፤ «እያነከሰች አለፈች፤ ሰላምም አለችኝ» ትላለች። ከአሻራዎቹ አራቱ ደግሞ አልአዛር ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ዳር ቆመው ካዩት ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሲሞን እያንዳንዱን ጣት ይዘው ቀለሙን ያስነኩት በራሳቸው እጅ ነው። ይህን የነገሩኝም አድራሻቸው ያ ወንዝ ዳር መሆኑን አይቼ ስጠይቃቸው ነው፤ «አዎ፣ እነሱ ናቸው» አሉኝ።

አስካለችም መጣች። ልጇን በነጠላ ሸፍና አዝላ ነበር፤ ሜሪ ነጠላውን ስትገልጠው ልጅቷ ብርሃኑን ስላልለመደችው ዓይኗን በሁለት እጇ ያዘች። ከሩጫው ቀን ወዲህ እንዲህ ልጆቻቸውን ይዘው ከዚያ መንገድ የመጡ ቤተሰቦች ሃያ ሦስት ደርሰዋል። ሜሪ ስማቸውን ትመዘግባለች፤ ከዚያ በኋላ የምትላቸው የላትም። መመርመሪያው አልተገዛም፤ ሰኔ 30 የቡድኑ መኪና ይነሳል። ለእነዚያ እናቶች ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ልጆቻቸውን ሰው ፊት ያወጧቸው እኔን አምነው ነው። አንዳንዶቹን ጎረቤት አይቷቸዋል፤ አሁን ወደ ጓዳ ቢመልሷቸውም እንደ ድሮው ሊደብቋቸው አይችሉም።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰባተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ምስጋናዬ አለቀብኝ። በአማርኛ የማውቀውን ጨዋ ቃል ሁሉ እዚህ ላይ ጨርሼዋለሁ። የቀረኝ እለምንዎታለሁ የሚለው ብቻ ነው። እለምንዎታለሁ። ማኅተሙን ይምቱልኝ። የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ እጅዎን ማንሳትና ማውረድ ነው። ለእኔ አይደለም። እኔ ካስቀየምኩዎ በሌላ ነገር ይቅጡኝ፤ ሱቄን ያሽጉት፣ ከተማ ውስጥ እንዳልሮጥ ይከልክሉኝ። የአስካለችን ልጅ ግን ጓዳ አይመልሷት።

ኮሚቴው በዓይኔ ካላየሁ አልመሰክርም ካለም መፍትሔ አለኝ። መጪው ቅዳሜ ሰኔ 21 ነው። ጥፍሮቼ ባይበቅሉም ያንኑ መንገድ እንደገና እሮጠዋለሁ። እርስዎ በመኪናዎ ከኋላዬ ይከተሉኝ፤ ካሻዎ መስኮቱን ይዝጉት፤ በሽታው ግን በመስኮትም፣ በወንበርም፣ በእጅም አያልፍም። የምሳ ሰዓትዎ ሲደርስ እርስዎ በልተው እስኪመለሱ ባለሁበት ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ፈጣን ባይሆንም ለሚሰጡኝ ምላሽ፣ ምላሽም ባይሰጡኝ ይህን ወረቀት እስከዚህ ድረስ ሳይቀዳድዱ በማንበብዎ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ቀና ለማለት ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድብኝ ክብሩ ከወትሮው ረዘም ያለ መስሎ ቢታይዎ አይግረምዎ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
የሺሃረግ
ልብስ ሰፊ፣ አማን

አባሪ፦ ሠላሳ ስምንት የጣት አሻራ ከነስምና አድራሻው

ግልባጭ፦
ለጋሽ ሲሞን
ለሲስተር ሜሪ
ማኅተሙን ለሚጠብቁ ስምንት የተከበሩ ነጋዴዎች
ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ ደብዳቤውን በንጹሕ ወረቀት የገለበጠችው ትሁት ናት። ጨርሳ ስትሰጠኝ «እማዬ፣ ሰውየውን ለምንድን ነው እንዲህ የምታከብሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እርስዎ የሚያውቁት ከሆነ በራስዎ እጅ ቢጽፉላት ደስ ይላታል፤ ነገር ግን ባይዘገዩ። ከእያንዳንዱ መውደቅ በኋላ ፊደል እየጠፋባት፣ አምና በአንድ ጊዜ ተቀምጣ የምትጨርሰውን ገጽ ዘንድሮ በግማሽ ቀን ነው የምታነበው፤ ይህን ደብዳቤ ለመገልበጥም ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። የእርስዎን መልስ ማንም ሳያነብላት ራሷ ልታነበው ትፈልጋለች።